ከአፉ ያልወጣ ቃል
የኢጣልያዊው የእግር ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ የኒኮሎ ካሮሲዮ ሕይወትና ሥራ

በዚህ ዓምድ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው ሳይንቲስቶችን፣ ደራስያንን፣ የአገር መሪዎችንና የትምህርት ሊቃውንትን ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ሰው ይዘን ቀርበናል። ይህ ሰው መድኃኒት አልፈለሰፈም፤ ጦር አልመራም፤ ኳስም ቢሆን ተጫውቶ ዋንጫ አላነሣም። እንጀራውን የበላው በምላሱ ነው። ይኸውም ለ37 ዓመታት ያህል የኢጣልያን ብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ የኖረው ኒኮሎ ካሮሲዮ ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ ምነው የኢጣልያ ሰው፣ ያውም በፋሺስት ዘመን በፋሺስት ሬዲዮ የሠራ፣ በእኛ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ጽሑፉን ስናዘጋጅ ተከራክረንበታል። መልሱን አሁን ከመናገር ግን ታሪኩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። ምክንያቱም በታሪኩ መጨረሻ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ባንዲራ ይዞ ከመስመሩ ዳር ቆሞ እናገኘዋለን፤ የካሮሲዮም ሥራ የተሰናከለው በዚሁ ሰው ስም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ልደትና አስተዳደግ

ኒኮሎ ካሮሲዮ የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1907 በሲሲሊ ደሴት ትልቅ ከተማ በፓሌርሞ ነው። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። እናቱ ደግሞ በማልታ የተወለደች እንግሊዛዊት፣ ሙያዋም ፒያኖ መጫወት ነበር። እንግዲህ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት ቋንቋ መካከል አደገ ማለት ነው። ከአባቱ ወገን ኢጣልያንኛውን፣ ከባሕር ማዶ ከመጣችው እናቱ ደግሞ እንግሊዝኛውን ወረሰ።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በዚያን ዘመን እግር ኳስ ማለት የእንግሊዝ ጨዋታ ነበር። ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱም የእንግሊዝኛ ነበሩ። በሬዲዮም ጨዋታን በቀጥታ ማስተላለፍ እዚያው እንግሊዝ አገር ሥርዓት ይዞ ተጀምሮ ነበር። ቢቢሲ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1927 ሲሆን፣ የተጋጠሙትም አርሴናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ነበሩ። አድማጩ ኳሷ የት እንዳለች እንዲያውቅ ተብሎ የሜዳው ሥዕል በስምንት አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ ለያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶት ቀደም ብሎ በጋዜጣ ታተመ። አንዱ ሰው ጨዋታውን ሲተርክ ሌላው ከጎኑ ሆኖ ኳሷ የደረሰችበትን ቁጥር ይጠራ ነበር። አድማጩም ቤቱ ተቀምጦ ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ይከተላል። ልብ ብለን ካየነው ይህ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው፤ ዓይን የማያየውን ነገር በሥዕል እያገዙ በጆሮ ማስተማር።

ካሮሲዮም እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ ይህንን አዲስ ሥራ በሬዲዮ ሰምቶ ልቡ እንደተነሣሣ ይነገራል። በአገሩ ከዚያ በፊት ጨዋታ በሬዲዮ አልተላለፈም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ኢጣልያና ሀንጋሪ ሮማ ላይ ያደረጉት ግጥሚያ ተላልፎ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ገና ባለሙያ አላገኘም፤ መንገዱም አልተጠረገም ነበር።

ያልነበረ ጨዋታ

ካሮሲዮ ለኢጣልያ መንግሥት ሬዲዮ ድርጅት ሥራ ሲጠይቅ የቀረበለት ፈተና አስገራሚ ነበር። ሜዳ የለም፤ ተጫዋች የለም፤ ኳስም የለም። ከማይክሮፎን ፊት ቆሞ ከራሱ ልብ አንድ ጨዋታ ፈጥሮ፣ እየተደረገ እንዳለ አድርጎ እንዲተርክ ነበር የተፈለገው። እሱም ተረከው። ፈታኞቹም የሌለውን ጨዋታ በጆሯቸው አዩት።

እኛ ሠልጣኞች ይህ ፈተና እንግዳ አይሆንብንም። የማስተማር ልምምድ ስንጀምር፣ ጓደኞቻችን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መስለው ቁጭ ብለው፣ እኛ ደግሞ እውነተኛ ክፍል ውስጥ እንዳለን ሆነን ቃልና ጠመኔ ይዘን ስንቆም የምናደርገው ይኸው አይደለምን? የሌለውን ሕፃን እንዳለ አድርጎ ማናገር ያልቻለ፣ ያለውን ሕፃን ለማናገር ይቸግረዋል።

ፈተናውን ካለፈ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የሆነው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1933 ቦሎኛ ከተማ ላይ ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ያደረገችው ግጥሚያ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1925 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኢጣልያ 3 ለ 1 አሸነፈች። ካሮሲዮ ያን ጊዜ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢጣልያ ሕዝብ ብሔራዊ ቡድኑን በዓይኑ ሳይሆን በካሮሲዮ አፍ ማየት ጀመረ።

በሬዲዮ ጨዋታ ማስተላለፍ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ትንሽ ብናብራራ መልካም ነው። አድማጩ ዕውር ሆኖ ሜዳ ዳር የተቀመጠ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አስተላላፊው በየሴኮንዱ ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት፤ ኳሷ የት ናት? ማን ያዛት? ወዴትስ እየሄደች ነው? በዚህ ላይ ውጤቱንና የቀረውን ደቂቃ ቶሎ ቶሎ መደጋገም አለበት፤ ምክንያቱም ዘግይቶ ሬዲዮውን የሚከፍት ሰው ምንጊዜም አለ። ትንፋሹን የሚስበውም ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ነው። ሃያ ሁለት ሰዎችን በሩቅ ለይቶ ማወቅ፣ ስማቸውን ሳይሳሳት መጥራት፣ ስሜትን ማሰማት፣ ነገር ግን በስሜት አለመወሰድ ያስፈልጋል። ካሮሲዮ በዚህ ሁሉ የተካነ ነበር። በተለይም ኳስ ለጥቂት ግብ ሳትሆን ስትቀር፣ ጎል ሊሆን ምንም አልቀረውም እንደማለት ያለች አጭር አባባል ነበረችው። ያችም አባባል በአገሩ ሰው ዘንድ መታወቂያው ሆነች። በየቡና ቤቱና በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ሥር ተሰብስቦ የሚያዳምጠው ሕዝብ አባባሏን ሲሰማ አብሮ እሰይ ሊል ሲል አብሮ ያዝን ነበር።

የፋሺስት ዘመንና የሬዲዮ ድምፅ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ምዕራፍ ደርሰናል። ካሮሲዮ ሥራ ሲጀምር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር። ሬዲዮው በፋሺስት መንግሥት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ስታዲየሞቹም እንዲሁ። ካሮሲዮ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያስተላለፈበት የቦሎኛ ስታዲየም እንኳ ሊቶሪያሌ ይባል የነበረው ሊቶሪዮ ከሚለው የፋሺስቶች ምልክት ስም ተወስዶ ነው። ይህች ቃል ለእኛም አገር ኳስ እንግዳ አይደለችም። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ስሙን አስለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኝቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1934 የዓለም ዋንጫ በኢጣልያ ተዘጋጀ። ሰኔ 10 ቀን ሮማ ላይ ሙሶሊኒ በተገኘበት ኢጣልያ ቼኮዝሎቫኪያን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ድሉን ለሕዝቡ ያሰማው የካሮሲዮ ድምፅ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ደግሞ የኢጣልያ ቡድን ለንደን ውስጥ በአርሴናል ሜዳ ከእንግሊዝ ጋር ገጠመ። እንግሊዞች ገና በ12 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል አገቡ። የኢጣልያው ሞንቲ እግሩ ተሰብሮ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ቅያሪ ስላልነበረ ቡድኑ በዐሥር ሰው ቀረ። ሆኖም ከዕረፍት በኋላ ሜአሳ ሁለት ጎል አግብቶ ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ። ኢጣልያ ተሸነፈች። ነገር ግን ካሮሲዮ ጨዋታውን ባስተላለፈበት አኳኋን የተነሣ አድማጩ የሰማው ሽንፈት ሳይሆን ጀግንነት ነበር፤ ተጫዋቾቹም አንበሶች ተብለው ወደ አገራቸው ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ይህ ጨዋታ በተደረገ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወልወል ግጭት ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ፤ በመርዝ ጋዝ ሕዝባችንን ፈጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ስለ ተጫዋቾቹ አንበሳነት የተነገረበት ሬዲዮና ስለ ወረራው የተፎከረበት ሬዲዮ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ኢጣልያ ፈረንሳይ ላይ የዓለም ዋንጫን ለሁለተኛ ጊዜ ስትወስድ፣ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ ቡድኑ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ነበር የገባው። ጥቁር ሸሚዝ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በፍጻሜው ሀንጋሪን 4 ለ 2 ሲያሸንፉም የድሉ ተራኪ ያው ካሮሲዮ ነበር።

ታዲያ ካሮሲዮን ምን እንበለው? ጠመንጃ አልያዘም፤ ወደ አገራችንም አልዘመተም። ነገር ግን ድምፁ ያንን መንግሥት አስውቦታል። ሰው ሥራዬ ኳስ ብቻ ነው ቢልም የሚሠራበት ቤት የማን እንደሆነ መርሳት አይቻልም። ይህንን ሳንሸፋፍን እናስቀምጠዋለን።

ከዚያው ዘመን ሌላም ትምህርት ይገኛል። ፋሺስቶች የውጭ ቃላት ከኢጣልያንኛ እንዲጠፉ አዘው ስለነበር፣ እንግሊዝኛውን ከእናቱ የተማረው ካሮሲዮ ጎል፣ ኮርነር፣ ክሮስ የሚሉትን ቃላት ትቶ በአገር ቃል መተካት ነበረበት። ለጎል መረብ የሚል ትርጉም ያለውን ሬቴ፣ ለኮርነር የማዕዘን ምት የሚል ትርጉም ያለውን ካልቾ ዳንጎሎ በየጨዋታው እየደጋገመ ለሕዝብ አስለመደ። ትእዛዙ የመጣው ከክፉ ሐሳብ ቢሆንም ቃላቱ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላም ቀሩ። እኛም ግብ ጠባቂ፣ የማዕዘን ምት፣ ቅጣት ምት እንላለን፤ ኦፍሳይድንና ፔናልቲን ግን በአፋችን እንዳሉ ይዘናቸዋል። ቃል በደብዳቤ ትእዛዝ ብቻ አይለመድም፤ ደጋግሞ በጥሩ አፍ የሚጠራው ሰው ይፈልጋል። ይህ በተለይ የቋንቋ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ከሞት ያመለጠበት ቀን

ጦርነቱ አለቀ፤ ሙሶሊኒ ወደቀ፤ ሬዲዮውም ስሙን ለውጦ ራይ ተባለ። ካሮሲዮ ግን በማይክሮፎኑ ላይ ቀጠለ። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ኃያል ቡድን ቶሪኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1949 ቡድኑ ከቤንፊካ ጋር ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ሊዝበን ሲሄድ ካሮሲዮም አብሮ እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ሆኖም የልጁ የቤተ ክርስቲያን የማጽኛ ሥነ ሥርዓት በዚያው ሰሞን ስለሆነ አባት ከቤተሰቡ ጋር መዋልን መረጠ።

ግንቦት 4 ቀን ቡድኑን ይዞ ሲመለስ የነበረው አውሮፕላን በጭጋግና በዝናብ ውስጥ ቶሪኖ ከተማ አጠገብ ካለው ከሱፔርጋ ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት 31 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከነዚህም ውስጥ 18ቱ ተጫዋቾች፣ ሦስቱ ደግሞ የካሮሲዮ የሙያ ጓደኞች የሆኑ ጋዜጠኞች ነበሩ። የብሔራዊ ቡድኑ ዋነኛ ኃይል የቶሪኖ ልጆች ስለነበሩ አገሪቱ በአንድ ቀን ቡድኗን አጣች። በሚቀጥለው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ወደ ብራዚል ሲኬድ የኢጣልያ ቡድን አውሮፕላን ፈርቶ በመርከብ ነው የተጓዘው። ካሮሲዮም ከዚያ በኋላ ለኖራቸው 35 ዓመታት ሕይወቱን ያተረፈለት ልጁ ነው ማለት ይቻላል።

ዓይን ጆሮን ሲተካ

የኢጣልያ ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1954 ነው። በዚያው ወር 24ኛ ቀን ሚላኖ ላይ ኢጣልያ ግብፅን 5 ለ 1 ያሸነፈችበት ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲታይ አስተላላፊው ካሮሲዮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1960 ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚደረጉ ጨዋታዎችን ከየስታዲየሙ እየተቀባበሉ የሚያሰሙበት አዲስ የሬዲዮ ፕሮግራም ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ቀን ከሚላኖ የሚላንንና የዩቬንቱስን ጨዋታ ያሰማው እሱ ነው።

ነገር ግን ቴሌቪዥን ለእንደ እሱ ዓይነቱ ሰው ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። በሬዲዮ ጊዜ የተራኪው ቃል ብቸኛው እውነት ነበር። ኳሷ ከቋሚው በአንድ ክንድ ርቃ ብታልፍ እሱ ለጥቂት ካለ ለጥቂት ናት። አሁን ግን ተመልካቹ ራሱ ያያል። የተጫዋች ስም ቢያሳስት ወዲያው ይታወቅበታል። ነገሩን ሁሉ መዘርዘርም አያስፈልግም፤ የሚታየውን መልሶ መናገር ያሰለቻል። ዕድሜውን ሙሉ ለማያዩ ሰዎች ሲናገር ለኖረ ሰው፣ ለሚያዩ ሰዎች መናገር አዲስ ትምህርት ቤት መግባት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1966 እንግሊዝ አገር ላይ ኢጣልያ በሰሜን ኮሪያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ስትወጣ ያንን መርዶ ለሕዝቡ ያረዳው እሱ ነበር። መርዶ ነጋሪ ደግሞ አይወደድም።

ቶሉካ፣ ሰኔ 4 ቀን 1962 ዓ.ም.

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለም ዋንጫ ሜክሲኮ ላይ ተደረገ። ካሮሲዮ 63 ዓመቱ ነበር። ከአፍሪካ ተመርጠው ከሄዱት ጥቂት ዳኞች አንዱ የአገራችን ሰው አቶ ሥዩም ታረቀኝ ነበሩ። አቶ ሥዩም በዚያ ውድድር ስዊድንና እስራኤል ያደረጉትን ጨዋታ በመሐል ዳኝነት መርተዋል። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ማለትም በእኛ ሰኔ 4 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በቶሉካ ከተማ ኢጣልያና እስራኤል ሲጋጠሙ ደግሞ የመስመር ዳኛ ሆነው ተሰለፉ።

ኢጣልያ ከምድቧ ለማለፍ አቻ ይበቃት ነበር። በጨዋታው መካከል ታዋቂው አጥቂ ጂጂ ሪቫ አንድ ኳስ አገባ። ሆኖም አቶ ሥዩም ከጨዋታ ውጪ ነው ብለው ባንዲራቸውን አነሡ፤ ብራዚላዊው የመሐል ዳኛም ጎሉን ሻሩት። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፤ ኢጣልያም በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ አግብታ የምድቡ አንደኛ ሆነች።

የመስመር ዳኛ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንንገር። በጊዜው ሕግ መሠረት ኳስ ለአጥቂው በተመታችበት ቅጽበት፣ ከአጥቂውና ከግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሁለት ተከላካዮች ሊኖሩ ይገባል። ከሁለተኛው ተከላካይ ጋር እኩል መሆን እንኳ እስከ 1990 ድረስ ጥፋት ነበር። እንግዲህ ዳኛው ኳስ የሚመታውን ሰውና በሌላ በኩል ያለውን አጥቂ በአንድ ዓይነ ቅጽበት ማየት አለበት። በዚያ ላይ የሚሊዮኖች ቁጣ ይጠብቀዋል።

ቁጣው መጣ፤ ነገር ግን በካሮሲዮ ላይ ነው የወረደው። ካሮሲዮ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ ኢትዮጵያዊውን የመስመር ዳኛ በቆዳቸው ቀለም ሰደባቸው የሚል ወሬ ተነሣ። የኢትዮጵያ ኤምባሲም ተቆጥቷል ተባለ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ተሸጋገረ። በኢጣልያ ጨዋታው የታየው በሌሊት ስለነበር ብዙው ሰው በእንቅልፍ ዓይኑ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ጨርሶ አልሰማውም። ያልሰማው ግን ከሰማው ይልቅ እርግጠኛ ሆኖ ያወራ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት የኢጣልያ ጨዋታዎች ካሮሲዮ አልቀረበም። ቦታውን ናንዶ ማርቴሊኒ ያዘ። በመሆኑም ሰኔ 17 ቀን ኢጣልያ ምዕራብ ጀርመንን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ያሸነፈችበትንና እስከ ዛሬ የሚነገርለትን ግማሽ ፍጻሜ ያስተላለፈው ማርቴሊኒ ነው። ኢጣልያ በብራዚል 4 ለ 1 የተረታችበትን የፍጻሜ ጨዋታም እንዲሁ። በሬዲዮ የሌለ ጨዋታ ፈጥሮ ሥራ የገባው ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረው ጨዋታ ሲደርስ ማይክሮፎኑ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ካሮሲዮ ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1982 እንደገና የዓለም ዋንጫ ስትወስድ ለማየት በቅቷል፤ ያንንም ያስተላለፈው ማርቴሊኒ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1984፣ ሚላኖ ውስጥ በ77 ዓመቱ ዐረፈ።

ቴፑ ምን አለ?

ካሮሲዮ ከሞተ በኋላም ወሬው አልሞተም። ስሙ በተነሣ ቁጥር ኢትዮጵያዊውን ዳኛ የሰደበው እየተባለ ይነሣ ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የአገሩ ጋዜጠኞች የዚያን ጨዋታ ቅጂ ከመዝገብ ቤት አውጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ስድቡ የለም። ካሮሲዮ አቶ ሥዩምን የጠራቸው ኢትዮጵያዊ ብሎ ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ዐርባ ዓመት ያህል በአንድ ሰው ስም ላይ ተለጥፎ የኖረው ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የካሮሲዮ ግን ከአፉ ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው።

አሁን መጀመሪያ ወደተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሰው በእኛ ግድግዳ ላይ ለምን ወጣ? ካሮሲዮን ለማወደስ አይደለም። ድምፁ አገራችንን ለወረረ መንግሥት ማጌጫ ሆኖ ማገልገሉ እውነት ነው፤ ከላይ ጽፈነዋል፤ አንሰርዘውም። ነገር ግን ያንን ጥፋቱን በሌላ ባላጠፋው ጥፋት ልናጠናክረው አንችልም። እኛ ኢትዮጵያውያን የተሰደበው ወገናችን ነው ተብሎ የተነገረን ሰዎች፣ ስድቡ እውነት ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት እንቆጣ ነበር። ስለዚህም ስድቡ እንዳልነበረ ሲረጋገጥ ከማንም በፊት መመስከር ያለብን እኛው ነን። በጠላት ላይም ቢሆን በሐሰት መመስከር ለራሳችን እውነት ዋጋ ያሳጣዋል። ስለ መርዝ ጋዙ ስንናገር ዓለም እንዲያምነን ከፈለግን፣ ስለ ቶሉካም እውነቱን መናገር አለብን።

ሁለተኛው ምክንያት ሙያችን ነው። ነገ በየወረዳው ተበትነን ክፍል ውስጥ ስንገባ በየቀኑ ዳኞች እንሆናለን። ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ያኛው ሌባ ነው፣ የእገሌ ልጅ ተሳዳቢ ነው የሚል ወሬ ከእኛ ቀድሞ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ከኛ በፊት የነበረው መምህር ነግሮን ይሆናል፤ እሱም ከሌላ ሰምቶ ይሆናል። ልጁ ግን ሲከሰስ ድምፁን የሚያወጣለት ቴፕ የለውም። ካሮሲዮ እንኳ፣ አገር ያወቀው ሰው ሆኖ፣ ቅጂው በመዝገብ ቤት ተቀምጦለት፣ እስኪሞት ድረስ አውጥቶ ያዳመጠለት አልተገኘም። የሰባት ዓመት ሕፃን ማን ያዳምጥለታል? መምህሩ ካላዳመጠው ማንም።

አበው ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ። የመምህር መላ ደግሞ ደብተሩን ገልጦ ማየት፣ ልጁን ጠርቶ መጠየቅ፣ በዓይን ያላዩትን በቀይ ቀለም አለመጻፍ ነው። አቶ ሥዩም ታረቀኝ በቶሉካ ሜዳ ባንዲራቸውን ያነሡት ሰው ነግሯቸው ሳይሆን ራሳቸው አይተው ነው። ሚሊዮኖች ቢቆጡም ያዩትን ፈረዱ። በዚያች ቀን ስለተደረገው ነገር እንደሳቸው አይቶ፣ እንደሳቸው ሰምቶ የፈረደ ቢበዛ ኖሮ፣ የካሮሲዮም ታሪክ በሌላ መንገድ ባለቀ ነበር።

ለዛሬው በዚሁ እናበቃለን። በሌላ እትም በሌላ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ድረስ፣ በጽሑፉ ላይ አስተያየት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን ሐሳባችሁን ጽፋችሁ እዚሁ ግድግዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ እንድትጨምሩልን እንጠይቃለን። ተሳስተን ከሆነም አይተን እናርማለን።